ሎካል ፔርኖ ቶሎ የሚበላው ለምንድነው? እሳቱን ትተን እጥበቱን እንይ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፣ ከዛ ወዲህ ኦሪጅናል መለዋወጫ መግዛት ለብዙ ባለመኪና የማይቀመስ ሆኗል። ስለዚህ ሰዉ ወደ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን ተልጦ እቃ የሚወጣበት ቤት) ዞረ። ደብረ ብርሃን በሉት፣ ሸዋ ሮቢት በሉት፣ ደብረ ሲና በሉት፣ የባሌስትራ ፔርኖ (የመኪናውን ባሌስትራ የሚይዘው ድፍን ፒን)፣ ቦኮላ (ፔርኖው የሚገባበት ቀለበት)፣ የወፍጮ ዘንግ፣ የትራክተር ፒን፣ የሚክሰር ማርሽ ምናምን እዚሁ አስወጥቶ መግጠም የተለመደ ነገር ነው። ለሚ ላይ የሲሚንቶ ፋብሪካው መስከረም 2017 ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ በሰሜን ሸዋ ዞን መንገድ ላይ የከባድ መኪናው ነገር ሌላ ነው፣ ጣርማበርን ሲወርድና ሲወጣ የሚውል መኪና ፔርኖ ይበላል፣ ያለ ነው። ችግሩ እዚህ የተሰራው በጣም ቶሎ መበላቱ ነው። ሰዉም አንድ ቃል አለችው፣ "ሎካል ነዋ!"

ለምን ሲባል ሁለት መልስ ነው የሚሰጠው። አንዱ "ብረቱ ጥሩ አይደለም" ይላል፣ ሌላው "እሳት አልጠገበም" ይላል። ሁለቱም አንዳንዴ እውነት ናቸው። ግን እኔ ደጋግሜ የማየው ሶስተኛ ነገር አለ፣ እሱን ማንም አያነሳውም ምክንያቱም አይታይም፣ ደረሰኝ ላይም የለም፣ እሱም እቃው እሳት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ፊቱ እንዴት ተዘጋጀ የሚለው ነው። ዘይቱ ወጥቷል ወይ፣ ዝገቱና ጥቁር ቅርፊቱ ተነስቷል ወይ፣ ጠርዙ ተሞርዷል ወይ፣ ደርቋል ወይ። ይሄ ነገር ሳይሰራ ምድጃው ከጀርመን ቢመጣም ፔርኖው ያው ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ላልሰማ ሰው ባጭሩ ልበል። ኬዝ ሃርደኒንግ የሚባለው የብረቱን የላይኛውን ቆዳ ብቻ አጠንክሮ ውስጡን ለስላሳና ጠንካራ ምት የሚችል አድርጎ መተው ነው። ሙሉውን ብታጠነክረው ጉድጓድ ላይ ሲመታ እንደ ብርጭቆ ቷ ይላል፣ ሙሉውን ለስላሳ ብትተወው ደግሞ ይበላል። ስለዚህ ካርቦኑ ትንሽ የሆነ ብረት ይወሰድና፣ ማለትም ከ0.1 እስከ 0.25 በመቶ አካባቢ ያለው፣ ከ900 እስከ 950 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አግለህ ካርቦን በሚሰጥ ነገር ውስጥ ታቆየዋለህ፣ የላይኛው ቆዳ ካርቦኑ ወደ 0.8 በመቶ ከፍ ይላል፣ ከዛ ዘይት ወይ ውሃ ውስጥ ትነክረዋለህ፣ ቀጥሎ 180 ዲግሪ አካባቢ ትንሽ ታሞቀዋለህ። በደንብ ከተሰራ ላዩ በሮክዌል ሲ (የብረት ጥንካሬ መለኪያ ነው) ከ58 እስከ 62 ይሆናል። በ925 ዲግሪ አንድ ሰዓት ብታቆየው ካርቦኑ ወደ 0.6 ሚሊሜትር ይገባል፣ አራት ሰዓት ብታቆየው ወደ 1.25፣ ማለትም ጥልቀቱን እጥፍ ለማድረግ ሰዓቱ አራት እጥፍ ነው። እዛው ላይ ነው ከሰልና መብራት የሚበላው።

በኛ አካባቢ አቅም ያለው ዘዴ የሳጥን ካርቡራይዚንግ ነው፣ ማለትም ያንን ካርቦን መስጠት በሳጥን ውስጥ መስራት። የብረት ሳጥን፣ የተሰባበረ ከሰል (የቆላ የግራር ከሰል ከባህር ዛፉ ይሻላል የሚሉ አሉ፣ እኔ የምጨነቀው መድረቁና አፈር አለመኖሩ ላይ ነው)፣ በዛ ላይ አስር በመቶ ገደማ ሶዲየም ካርቦኔት፣ ያ የአብያታ ሶዳ ማለት ነው፣ ክዳኑን በጭቃ መለሰን፣ በቃ። ባሪየም ካርቦኔትም አለ ግን መርዝ ነው፣ አቧራው ሆድ ውስጥ ከገባ አደጋ ነው፣ ሰፈር ውስጥ ባይነካ ይሻላል።

አሁን ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ከሰሉ ብረቱን ስለነካው ካርቦን የሚገባ ይመስለዋል። አይደለም። ከሰሉ ሳጥኑ ውስጥ ባለች ትንሽ አየር ይቃጠልና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል፣ ያ ጋዝ የብረቱ ፊት ላይ ሲደርስ ተሰንጥቆ ካርቦኑን ለብረቱ ሰጥቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይመለሳል፣ ከሰሉን ሲያገኝ እንደገና ሞኖክሳይድ ይሆናል፣ እንዲህ እየተመላለሰ ነው። ሶዳው የሚያግዘው ይሄን ምልልስ ማፍጠን ነው። ስለዚህ ሁሉ ነገር የሚያልቀው ጋዙና ራቁት ብረቱ በሚገናኙባት በጣም ቀጭን ፊት ላይ ነው። እዛ መሃል ሌላ ነገር ከተቀመጠ፣ ቅርፊት ይሁን፣ ቀለም ይሁን፣ የተጋገረ ቆሻሻ ይሁን፣ ጋዙ ብረቱን አያገኘውም። መንዝ ላይ ሱፍ የሚሰራ ሰው ይሄን ለማስረዳት አይቸገርም፣ ቅባቱ ያልወጣ ሱፍ ቀለም ውስጥ ብትነክረው አንዱ ጋ ይይዛል አንዱ ጋ ዥጉርጉር ሆኖ ይቀራል። ብረቱም ዥጉርጉር ይሆናል፣ ልዩነቱ አይንህ አያየውም።

አይን ካላየው በምን ይታወቃል? በሞረድ። አንድ ቶሎ የተበላ የባሌስትራ ፔርኖ አምጡና ሞርሳ ላይ እሰሩት፣ አዲስ የሆነ ሞረድ ያዙና ዙሪያውን በቀስታ ሞክሩት። የጠነከረው ቦታ ላይ ሞረዱ ይንሸራተታል፣ ድምፁም ቀጭን ነው፣ ብረቱን ሳይጭር ያልፋል። እያዞራችሁ ስትሄዱ ድንገት አንድ ቦታ ላይ ይነክሳል፣ ድምፁ ይወፍራል፣ ነጭ ብናኝ ይወጣል። ያ ቦታ ካርቦን አላገኘም ማለት ነው፣ ወይ ደግሞ ሲነከር በደንብ አልቀዘቀዘም። አሁን ያንን ለስላሳ ቦታ በደንብ እዩት። ብዙ ግዜ የማየው ምን መሰላችሁ፣ ፔርኖው 40 ሚሊሜትር እንዲሆን ተፈልጎ የተገዛው ዱላ ብረት 41 ወይ 42 ነው፣ ቶርኖው ላይ ሲታሰር ትንሽ ከመሃል ሸሽቷል፣ ስለዚህ ቢላው አንዱን ጎን በደንብ ሲልጥ በሌላው ጎን ነካ አድርጎት ብቻ ነው ያለፈው። ባንዱ ጎን ነጭ ብረት፣ በሌላው ጎን ፋብሪካው ሲያሞቀው የያዘው ጥቁር ቅርፊት በስሱ እንዳለ ቀርቷል። እዛው ነው ሞረዱ የነከሰው። እዛው ነው ቦኮላው የበላው።

ይሄ ጥቁር ቅርፊት ጉዳቱ ሶስት ነው። አንደኛ ጋዙን ይከለክላል፣ ሞኖክሳይዱ ቀስ እያለ ሊያነሳው ይችላል ግን እኩል አያነሳውም፣ አንዱ ጋ ቶሎ ሌላው ጋ ዘግይቶ፣ ስለዚህ ጥልቀቱ ይለያያል። ሁለተኛ ስትነክረው ቅርፊቱ ሙቀቱን ይዞ ያቆያል፣ ያ ቦታ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፣ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ብረት ደግሞ ካርቦን ቢኖረውም አይጠነክርም። ሶስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ከቅርፊቱ ስር ያለው ብረት ራሱ ፋብሪካ ውስጥ ሲግል ካርቦኑን በአየር ተነጥቋል። ስለዚህ ቅርፊቱን በሸካራ ወረቀት ፈቅፍቀህ ስላበራኸው ብቻ አልዳንክም፣ በትኩስ የተጠቀለለ ዱላ ከሆነ ዙሪያውን ቢያንስ አንድ ሚሊሜትር መላጥ አለበት። በተለይ በኢንዳክሽን (በኤሌክትሪክ ላዩን በማጋል) ወይ በኦክስጅን እሳት ለሚጠነክረው ብረት፣ ከውጪ ካርቦን የሚሰጠው ስለሌለ፣ ይሄ የግድ ነው። ለ40ው ፔርኖ ዱላ ሲገዛ፣ ሲታሰር የሚሸሸውንም አስቦ፣ ከ42 በላይ መግዛት ማለት ነው። በኪሎ ስለሚሸጥ ደንበኛው "ለምን ይባክናል" ይላል፣ ቶርነሪውም አይከራከርም።

እሺ ዘይቱስ? እዚህ ጋ ክርክር አለ። ቶርኖ ቤት ስትገባ "አባዬ 900 ዲግሪ ነው እኮ፣ ዘይቱ ተቃጥሎ ያልቃል፣ ምን ማጠብ አስፈለገ" ይሉሃል። ለእውነት ግማሹ ልክ ነው። ንፁህ የማሽን ዘይት በስሱ ካለ በሳጥን ካርቡራይዚንግ ላይ ያን ያህል ጉድ አይሰራም፣ ይጨሳል፣ ትንሽ ጥላሸት ይተዋል፣ ያልፋል። ግን ቶርኖ ላይ የሚፈሰው ንፁህ ዘይት አይደለም። የመቁረጫ ዘይት ውስጥ ሰልፈር አለ፣ ክሎሪን አለ፣ ፎስፈረስ አለ፣ እነሱ ቢላውን ለማዳን የተጨመሩ ናቸው፣ ሲግሉ እንደ ዘይቱ ተንነው አይጠፉም፣ ፊቱ ላይ ይጋገራሉ። በዛ ላይ አብዛኛው ቤት የሚያፈሰው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው፣ እሱ ደግሞ የብረት ብናኝ፣ ጥቀርሻ፣ የአስፋልት አቧራ ሁሉ ያለበት ነው። ያ ሁሉ ጉድጓዱ ውስጥ፣ የቁልፍ ቦይዋ ውስጥ፣ የማርሹ ጥርስ ስር ተሰብስቦ ይደርቃል። ማርሽ ጥርሱ የሚሰበረው ከስሩ ነው፣ ቆሻሻው የሚቀመጠውም ስሩ ላይ ነው።

ናይትራይዲንግ ላይ ደግሞ፣ በካርቦን ፋንታ ናይትሮጅን አስገብቶ ማጠንከር ማለት ነው፣ ክርክሩ ራሱ የለም። ናይትራይዲንግ ከ500 እስከ 550 ዲግሪ ነው፣ አሞኒያ ነው ናይትሮጅኑን የሚሰጠው፣ በዚህ ሙቀት ቆሻሻው በቅጡ እንኳን አይቃጠልም። የጣት አሻራ ይበቃል። ላብ ውስጥ ጨው አለ ቅባት አለ፣ በባዶ እጅ የተያዘ እቃ አሻራው ያለበት ቦታ ላይ ለስላሳ ወይ የተለየ ቀለም ሆኖ ይወጣል። ቀለም ማርከር የተፃፈበት ቦታም እንደዛው። አሁን እኛ ጋ ናይትራይዲንግ ብዙ ስላልሆነ አልፈዋለሁ፣ ግን ደብረ ብርሃን የኢንዱስትሪ ፓርክ ያለባት ከተማ ስለሆነች፣ የሻጋታና የዳይ ጥገና እየበዛ ሲመጣ መምጣቱ አይቀርም።

የብረቱ አይነት ደግሞ አዘገጃጀቱን ይቀይረዋል፣ ይሄን የማይለይ ቤት ብዙ ነው። ብዙ ግዜ የሚሰራው ከቁርጥራጭ ነው፣ ከአሮጌ ዘንግ፣ ከፌሮ፣ ከተጣለ የሃይድሮሊክ ሲሊንደር ዘንግ። የሃይድሮሊክ ዘንጉ በጣም ይወደዳል፣ ያብረቀርቃል፣ ቀጥ ያለ ነው፣ "ኦሪጅናል ብረት" ይባላል። የሚያብረቀርቀው ግን የተለበጠ ክሮም ነው። ክሮሙ ሳይላጥ ሳጥን ውስጥ ብትከተው ካርቦኑ እዛው ክሮሙ ላይ ቆሞ ይቀራል። ከተላጠም በኋላ ውስጡ አብዛኛውን ግዜ 0.45 በመቶ አካባቢ ካርቦን ያለው ብረት ነው፣ እሱ ድሮም ለካርቡራይዚንግ አይደለም፣ ካርቦን ጨምረህ ስትነክረው ውስጡም አብሮ ይደርቅና ይሰበራል። እሱን በኢንዳክሽን ወይ በእሳት ላዩን አግሎ መንከር ነው የሚያዋጣው። ጋልቫናይዝድ ከሆነ ደግሞ ዚንኩ መነሳት አለበት፣ ካልተነሳ ጭሱ ራሱ ያሳምማል፣ ማታ ብርድ ብርድ ያለው በያጅ ያውቀዋል።

ስታንለስ ሌላ ታሪክ ነው። ስታንለስ የማይዝገው ፊቱ ላይ በአይን የማትታይ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ስላለችው ነው፣ ያች ሽፋን ውሃና አየርን እንደምትከለክለው ናይትሮጅኑንም ካርቦኑንም ትከለክላለች። አጥበህ ዘይቱን ብታወጣም ሽፋኗ አለች፣ ብትቧጭራትም አየር እንደነካት ወዲያው ትመለሳለች። ለዛ ነው ትልልቆቹ ድርጅቶች እዛው ምድጃው ውስጥ በሃይድሮክሎሪክ ጋዝ ወይ በፕላዝማ የሚያነሱዋት። "ስታንለስ ፔርኖ አጠንክሬ እሰጥሃለሁ" የሚል የሰፈር ቶርኖ ቤት ካገኛችሁ በደንብ ጠይቁት። ግራጫው ካስት አይረን ደግሞ ውስጡ የግራፋይት ቅጠል ስላለ ዘይት ይጠጣል፣ ከላይ አጥበኸው ሲሞቅ ከውስጥ እንደገና ያልበዋል፣ ስለዚህ አጥቦ፣ በመለስተኛ ሙቀት ዘይቱን አውጥቶ፣ እንደገና ማጠብ ነው።

ቁርጥራጭ ሲሆን ምን ብረት እንደሆነ ለማወቅ ግራይንደር ላይ ነካ ማድረግ ይቻላል። ካርቦኑ ትንሽ ከሆነ ብልጭታው ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፣ ጫፉ ላይ ብዙም አይፈነዳም። ካርቦኑ ሲበዛ ብልጭታው ያጥርና ጫፉ ላይ ኮከብ ኮከብ እያለ ይፈነዳል። ላብራቶሪ አይተካም፣ ግን ምንም ሳያዩ ሳጥን ውስጥ ከመክተት ስንት ግዜ ይሻላል።

አሁን እጥበቱ። አብዛኛው ቤት የሚያጥበው በነጭ ጋዝ ወይ በቤንዚን ነው፣ አንድ ጎራዳ ጣሳ፣ አንድ ብሩሽ፣ ጋዙ ከከረመ ብዛት ጠቁሯል። ነጭ ጋዝ ግሪስ ይፈታል፣ እሱ ልክ ነው፣ ግን ሲደርቅ ራሱ ስስ ቅባት ይተዋል፣ የጠቆረ ከሆነ ደግሞ የትላንቱን እቃ ዘይት ለዛሬው መቀባት ነው። አልሸሹም ዞር አሉ። ቤንዚን ያደርቃል ግን ምድጃ አጠገብ ቤንዚን መክፈት ማለት ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ጋዙን ለመጀመሪያ ማለስለሻ ብቻ ተጠቀሙና ከዛ በሙቅ ውሃና በሶዳ ግቡበት። ኮስቲክ ሶዳ ትንሽ ወይ የማጠቢያ ሶዳ፣ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ የሞቀ፣ የእጅ ጓንትና መነፅር፣ በብሩሽ ቦዩን ጥርሱን ክሩን ማሸት። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር ከፍታ አካባቢ ስለሆነች ውሃው 90 እና 91 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ስለዚህ "ፈልቷል" ማለት 100 ደርሷል ማለት አይደለም፣ ግን ለዚህ ስራ በቂ ነው፣ ሰበብ አይሆንም።

ሶዳው ሲወጣ ማለቅለቅ አለ፣ እዚህም ይሳሳታል። የልብስ ዱቄት ሳሙና የሚጠቀሙ አሉ፣ ብዙዎቹ ውስጣቸው ሲሊኬት አለ፣ እቃው ላይ ሳይለቀለቅ ከደረቀ እንደ መስታወት ያለች ስስ ሽፋን ትሰራለች፣ በተለይ ናይትሮጅን እሷን አልፎ አይገባም። ዘይቱን አውጥተህ በሌላ ነገር ሸፈንከው ማለት ነው። ስለዚህ ከሶዳው እንደወጣ ሳይደርቅ በንፁህ ሙቅ ውሃ፣ ውሃው ተቀይሮ ድጋሚ። ከዛ ፈተናው ነፃ ነው፣ መሳሪያ አይፈልግም፣ ንፁህ ውሃ ከላይ አፍስሱበትና ጥቂት ጠብቁ። ውሃው ሳይቆራረጥ ሙሉ ፊቱን አልብሶ ከቆየ ንፁህ ነው። ጠብ ጠብ ብሎ ከተንከባለለ ወይ መሃል ላይ ደረቅ ደሴት ከሰራ እዛ ቦታ ላይ ዘይት አለ፣ ተመለሱ። ሳሙናው ሳይለቀለቅ ግን ይሄን ፈተና አታምኑት፣ ሳሙና ራሱ ውሃውን ያስተኛዋል።

ከዛ ማድረቅ፣ እሱ ላይ የኛ ሃገር አየር ጠላት ነው። ታህሳስና ጥር ላይ ውርጩን ታውቁታላችሁ፣ ማታ ሼድ ውስጥ ያደረ ብረት ጠዋት በረዶ ነው፣ ምድጃው ተለኩሶ ክፍሉ ሲሞቅ ብረቱ ያልባል፣ ጤዛ ይይዛል፣ ታጥቦ ራቁቱን የቀረ ብረት ደግሞ ዝገት እስኪይዘው ብዙ አይፈጅበትም። ክረምትም ጉሙ ያው ነው። ስለዚህ ዛሬ አጥቦ ነገ ማስገባት የለም። ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲወጣ ራሱ እቃው ስለሞቀ ቶሎ ይደርቃል፣ በኮምፕረሰር ጉድጓዱን መንፋት (ኮምፕረሰሩ ራሱ ዘይት እንዳይተፋ አንዴ ነጭ ጨርቅ ላይ ነፍታችሁ እዩት)፣ ከዛ በንፁህ ጓንት አንስቶ ወደ ሳጥኑ። ሮቢት ያሉት በዚህ በኩል እድለኞች ናቸው፣ እነሱ ጋ የሚያስቸግረው ላቡ ነው።

ዝገት የበዛበት እቃ ሲሆን አሲድ ይመጣል። የባትሪ አሲድ የሚጠቀም ሰው አለ፣ ይሰራል፣ ሰልፈሪክ አሲድ ዝገትና ቅርፊት ያነሳል። ግን መጀመሪያ ዘይቱ መውጣት አለበት፣ ዘይት ያለበትን ቦታ አሲዱ አይነካውም፣ ቅርፊቱ እዛ ላይ ይቀራል። አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አታፍስሱ። ከወጣ በኋላ በሶዳ ውሃ ማክሸፍና ማለቅለቅ። አሲድ ብረት ውስጥ ሃይድሮጅን ያስገባል፣ ካርቡራይዚንግ በፊት ከሆነ ምድጃው ውስጥ ስለሚወጣ ያን ያህል አያሳስብም፣ ከጠነከረ በኋላ ግን የጠቆረ እቃ ለማሳመር ብሎ አሲድ ውስጥ መክተት ትልቅ ጥፋት ነው፣ የጠነከረው ቆዳ ሃይድሮጅን ጠጥቶ ምንም ሳይመታ ይሰነጠቃል። ደንበኛ "ይብራ" ሲል ይሄ ነው የሚደረገው። ሳያናይድ ጨው ማቅለጫ (ብረት በቀለጠ ጨው የሚያጠነክሩበት) ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ አሲድ በቅርብ መኖር የለበትም፣ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፣ እርጥብ እቃም የቀለጠ ጨው ውስጥ ከገባ ይፈነዳል። ያለቀው አሲድ በኖራ ሳይከሽፍ ቦይ ውስጥ መድፋት ደግሞ በየሰፈሩ አለ፣ ቦዩ ወዴት እንደሚወርድ፣ ታች ማን በሬ እንደሚያጠጣ ሁሉም ያውቃል።

በሽቦ ብሩሽ ግራይንደር የሚያጠራም ብዙ ነው። ያበራል፣ ለአይን ያምራል፣ ግን ዘይቱ ሳይወጣ ከሆነ ሽቦው ቆሻሻውን ብረቱ ላይ ይለስነዋል እንጂ አያወጣውም። ሳንድብላስት ከሁሉም ይሻላል፣ ፊቱን እኩል ሻካራ ያደርገዋል፣ ጋዙ በደንብ ይይዛል፣ ግን እሱም ከእጥበት በኋላ ነው፣ አለበለዚያ አሸዋው ዘይት ጠጥቶ ሌላውን እቃ ሁሉ ያቆሽሻል። የወንዝ አሸዋ ደግሞ ያለ ጭምብል መንፋት ሳንባ ይጨርሳል፣ የብረት ኳስ ወይ የመስታወት ፍሬ ነው የሚሻለው።

ጠርዝና ክር ላይ ሁለት ቃል ብቻ። ስለታም ጠርዝ ከሁለት ጎን ካርቦን ይጠጣል፣ ስለዚህ ከመጠን በላይ ጠጥቶ ይደርቅና ይፈረፈራል፣ ጠርዙን ግማሽ ሚሊሜትር መሞረድ በቂ ነው። ዳዶ የሚያስርበት ክር ደግሞ መጠንከር የለበትም፣ ከጠነከረ ሲጠብቅ ይሰበራል፣ በመዳብ መለበጥ ወይ በሸክላ አፈር በደንብ መሸፈን። መዳቡም ሆነ ሸክላው ቅባት ላይ አይይዝም፣ ተሰንጥቆ ይነሳል፣ ዞሮ ዞሮ እዛው እጥበቱ ላይ ነን።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ከታወቀ ለምን አይሰራም? ባለሙያው ሰነፍ ስለሆነ ነው የሚል ሰው ጋ አልስማማም። ሂሳቡን እዩት። ቶርነሪው በእቃ ነው የሚከፈለው፣ ደንበኛው መኪናውን ጋራዥ አቁሞ "ዛሬ ማታ ጨርስልኝ" እያለ ደጅ ቆሟል፣ አጥቦ አለቅልቆ ፈትኖ ማድረቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፣ ሶዳ አለ፣ ማገዶ አለ፣ ለዛች ሰዓት የሚከፍለው የለም። ደንበኛው ሲረከብ የሚያየው ልኩንና ጥቁረቱን ነው፣ በደንብ የታጠበውም ያልታጠበውም ሲወጣ ጥቁር ነው፣ ሲገጠምም እኩል ነው የሚገጥመው። ልዩነቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ወቀሳው ለብረቱ ይሄዳል። ስለዚህ አጥቦ የሚሰራው ቤት ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላልና ስራውን ሳያጥብ ለሚሰራው ያስረክባል። "ኢትዮጵያ ታምርት" ከተባለ ከ2014 ጀምሮ ስለ ማሽንና ስለ ብድር ብዙ ተወርቷል፣ ጥሩ ነው፣ ግን እኔ ያልሰማሁት ስለ አንድ ማጠቢያ ገንዳ ሲወራ ነው። ለአንድ ቤት ብቻ ሲሆን ሶዳውን ማሞቅ አያዋጣም፣ በአንድ ሼድ ውስጥ ያሉ አምስት ስድስት ቶርኖ ቤቶች ግን አንድ የጋራ ገንዳ፣ አንድ ማለቅለቂያ፣ አንድ ማድረቂያ ቢኖራቸው ወጪው ይበተናል፣ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቹም ለሰልጣኝ ማሳያ ያደርጉታል። ደረሰኙ ላይም እጥበትና ዝግጅት ተብሎ ለብቻው ይፃፍ፣ ደንበኛው ምን እንደከፈለ ይወቅ፣ አልፈልግም ካለም አውቆ ይቅር።

ደንበኛው ራሱ ዛሬ ሊጠይቅ የሚችለው ነገርም አለ፣ ማሳያ ቁራጭ። ከዛው ዱላ ብረት ጫፍ ላይ ሁለት ሶስት ሳንቲሜትር ተቆርጦ ከእቃው ጋር አብሮ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ አብሮ ይነከራል፣ ከዛ በመዶሻ ይሰበራል። ስብራቱ ላይ የጠነከረው ቆዳ እንደ ሸማ ጥለት ዙሪያውን ደቃቅና ግራጫ ሆኖ ይታያል፣ መሃሉ ሻከር ያለ ነው። ጠርዙ ዙሪያውን እኩል ውፍረት ካለው እሺ፣ አንዱ ጋ ከሳሳ ወይ ከጠፋ እዛ ጋ ቆሻሻ ነበረ። ቁራጩን ግን ለባለቤቱ አትተዉለት፣ ሰው ነውና እሷን ብቻ አሳምሮ አጥቦ ሌላውን በዘይቱ ሊከተው ይችላል። እቃዎቹ ታጥበው ከወጡ በኋላ ሳይሆን ከመታጠባቸው በፊት ቁራጯን በቡሊኖ (በመዶሻ የሚመታ ሹል ምልክት ማድረጊያ) ምልክት አድርጋችሁ እዛው ዘይት የነካው ክምር ውስጥ ቀላቅሏት።